ግማሽ ጢም

ሬዲዮው ዘፈኑን መሃል ላይ ቆርጦ ጸጥ ሲል፣ ጸጉር አስተካካዩ የታናሽ ወንድሙን ቀኝ ጉንጭ ጨርሶ ወደ ግራው ለመዞር ምላጩን በፎጣ እየጠረገ ነበር። መጀመሪያ መብራት የጠፋ መሰለው። ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፤ በርቷል። ሬዲዮውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ካልመቱት የማይሰማ እልኸኛ ሬዲዮ ነበርና።

«ተወው ጋሼ፣ ዕድሜውን ጨርሷል» አለ ወንድሙ ከወንበሩ ላይ ሆኖ።

ዕድሜዋን የጨረሰችው ግን ሌላ ነበረች።

«ግርማዊት ንግሥታችን ዛሬ ረፋዱ ላይ አርፈዋል» አለ ዜና አንባቢው። ድምፁ ተሰበረ። ተንሰቀሰቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ አሁን ያለቀሰው ሌላ ሰው ይመስል፣ ጥርት ባለ ድምፅ ትእዛዙን ይዘረዝረው ጀመር። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ዘፈን የለም። ደማቅ ልብስ የለም። በአደባባይ መሳቅ የለም። ንግሥቲቱ እስኪቀበሩ ድረስ ወንድ የሆነ ሁሉ ጢሙን አይነካም። ይህን የተላለፈ የአገር ጠላት ነው፤ ሕዝቡም እንደ ጠላት ይመልከተው።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። ፖሊስ ይመልከተው አላለም። ሕዝቡ ነው ያለው።

«ሞተች?» አለ ወንድሙ።

«አፍህን ያዝ! አረፉ በል!» ጸጉር አስተካካዩ ሳያስበው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

ወንድምየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሚስቱ ስትወልድ እሱ ጭነቱን ይዞ ድንበር ላይ ይጉላላ ነበር። ገና ያላያት ልጁ ዛሬ ከናቷ ጋር ከሆስፒታል ትወጣለች። መንገድ ላይ የከረመው ጢሙ ግን እንደ ሽቦ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር አንሳልኝ፤ በዚህ ፊት ከሳምኳት ዕድሜ ልኳን ነው የምትጠላኝ» እያለ ነበር የገባው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮም ፈገግታው አልከደን ብሎ ወንድሙን ሲያስቸግረው ቆይቷል፤ የሚስቅ ጉንጭ ለምላጭ አይመችም።

አሁን ፈገግታው ጠፋ። «በቃ ተወው ጋሼ። ፎጣውን አቀብለኝ፣ ልጥረገውና ልሂድ።»

ጸጉር አስተካካዩ የወንድሙን ፊት በመስተዋቱ ውስጥ አየው። ቀኙ እንደ ሕፃን ፊት ለስልሷል፤ ግራው አረፋ የለበሰ ጫካ ነው። ጸጉር አስተካካዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰፈሩ «ጋሽ ምላጭ» ያለው ለቀልድ አይደለም። ከሱ ቤት ተንጋዶ የወጣ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ከጀርባ ያለው መጋዘን ሲቃጠል፣ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲራወጥ፣ እሱ ወንበሩ ላይ የነበረውን ደንበኛ የሁለቱን ጆሮ ግንድ እኩል ሳያደርግ አልለቀቀውም። ሰውየው በጭሱ እየሳለ ነው የተስተካከለው።

«ግማሽ ፊት ይዘህ ከኔ ቤት አትወጣም» አለ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ዛሬ ሌላ ጣጣ አለበት፣ እኔን ማን ያየኛል!»

«እናትየውስ? ሚስትህ እንዲህ ሆነህ ስታይህ ወተቷ ይደርቃል። አንድ ደቂቃ ነው። አትንቀሳቀስ።»

የበሩን መጋረጃ ሳበና ግራውን ጀመረ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ይተወው ነበር።

ውጪ በመጀመሪያ የተሰማው ሩጫ ነው። ከዚያ ጩኸት፤ ከዚያ ደግሞ እንደ ተቀዳደደ ነገር የሚሰማ የብዙ ሰው ለቅሶ። ጸጉር አስተካካዩ ከወንድሙ አገጭ ሥር የቀረችውን ጢም አንስቶ ምላጩን አጠፈና በመጋረጃው ክፍተት አጮለቀ።

ጥጉ ላይ ፍራፍሬ የምትሸጠው ሴትዮ ቀይ ሹራቧን ከላይዋ ላይ እየቀደዱባት ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ «አልሰማሁም! ሬዲዮ የለኝም!» ትላለች። ሬዲዮ አለመኖሩ ራሱ ጥፋት ሆነባትና በጥፊ አጋደሟት። ብርቱካኑ መንገዱን ሞላው፤ የሚረግጠው ረገጠው፣ የሚለቅመውም እያለቀሰ ለቀመው።

ከዚህ ግርግር መሃል አንድ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ተሰቅሎ መጣ። የሰውየው አንዱ ጉንጭ ተላጭቷል፤ አንዱ አልተላጨም። ከላይኛው መንገድ፣ ከሌላ ጸጉር ቤት ነው የወጣው። የደረቀ ሳሙና ጢሙ ላይ እንደተጋገረ ነው።

«ሰምቶ ወዲያው የተነሳ! ምላጩን አቁም ያለ!» ይላል የተሸከመው ሰው። «ሐዘን ማለት ይሄ ነው! ይሄ ነው ሰው!»

ሴቶች ያልተላጨውን ጉንጭ ይስሙለታል። ሰውየው ራሱ ምን እንደሠራ ገና አልገባውም፤ ዓይኑን ያቁለጨልጫል።

ጸጉር አስተካካዩ ወደ ወንድሙ ለስላሳ ፊት ዞረ። እንደዚያው ትቶት ቢሆን ኖሮ ያ ግማሽ ጢም መታወቂያው ነበር። የላጨው እኩል እንዲሆን ብሎ ነው፤ የገዛ እጁ ነው የወንድሙን ምስክር ከፊቱ ላይ ጠርጎ ያወረደው።

ሹፌሩም በክፍተቱ አይቷል። ጉንጩን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እንግዲህ መልሰህ ለጥፍልኝ» አለ። ቀልዱን ነበር። ወንድሙ አልሳቀም።

«በጓሮ ውጣ።»

«ጓሮህ እኮ ግንብ ነው፣ ጋሼ።»

«ፊትህን ሸፍን እንግዲያው! ፎጣውን ጠምጥም፣ ጥርሴን አመመኝ በል!»

ፎጣውን ለመጠምጠም ጊዜ አልተገኘም። መጋረጃው ተገለጠና ልብስ ሰፊው ገባ።

ልብስ ሰፊው ጎረቤት ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከጸጉር አስተካካዩ ጋር ደጃፍ ላይ ዳማ ይጫወታል፣ ሲሸነፍ ያኮርፋል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ንግሥቲቱን ደግሞ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሱ የቦጨቀ ሰው አልነበረም። እርግጥ ያልቦጨቀ ሰው ማግኘትም ይከብዳል። ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ሲጨፍን ምን እንደሚነካው እንጃ፤ ለሚስቱ የማይነግረውን ለምላጭ ይናገራል። ግብሩን፣ ወታደር ሆነው ያልተመለሱትን ልጆች፣ የአሮጊቷን አክሊልና ውሾቿን፣ ሁሉም ሆዱን እዚህ ነው የሚያራግፈው። የቤቱ ሕግ አንድ ነበረች፤ ወንበሩ ላይ የተባለ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ጸጉር አስተካካዩ ለገዛ ሚስቱ እንኳ አንዲት ቃል አውጥቶ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ግንባሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። በአንድ እጁ የጥቁር ጨርቅ ቁርጥራጭ ለማደል ይዟል፣ በሌላው የብረት ማስመሪያውን። ዓይኑ ቀልቷል፤ በምን እንዳቀላው እሱ ያውቃል። በሩ ላይ ከኋላው ሰው ተጋፍቷል።

«ጋሽ ምላጭ፣ ክንድህ ላይ እሰርና ውጣ፣ ሁሉም እየ...» አለና ቆመ። የሹፌሩን ፊት አየ። ከዚያ የጸጉር አስተካካዩን ዓይን አየ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሆነ። ልብስ ሰፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያንን ዓይን ሲያይ ያሳለፋቸው ጥዋቶች ሁሉ፣ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ የተናገረው ሁሉ ትዝ አለው። ይህ ሰው ሁሉን ያውቃል። ፍርሃት ወረረው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ቀድሞ ነው የሚመታው።

«ሳሙናው ጆሮው ሥር ገና አልደረቀም!» ብሎ ጮኸ። «እናታችን ሬሳቸው ሳይገነዝ እዚህ ይሽሞነሞናሉ!»

በሩ ከነመቃኑ የወደቀ ያህል ሰው ገባ። ሹፌሩን አንገቱ ላይ በታሰረው ነጭ ጨርቅ ጎተቱት፤ ቋጠሮው ጠበቀና ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። ጉልበተኛ ሰው ነበር፤ አንዱን በክርኑ አጋደመው። ያኔ ልብስ ሰፊው ማስመሪያውን በጠርዙ አዞረና አፉ ላይ አሳረፈው። የጥርስ ድምፅ ተሰማ። ደሙ ከአረፋው ጋር ሆኖ ደረቱ ላይ ወረደ። አንድ ሰው ወንበሩን አንስቶ መስተዋቱ ላይ ወረወረው፤ ሌላው ምንም ያላጠፋውን ሬዲዮ ከመደርደሪያው አውርዶ በእግሩ ፈጨው።

ጸጉር አስተካካዩን ሁለት ሰዎች እጁን ጠምዝዘው ያዙት። ሁለቱም ደንበኞቹ ናቸው። አንደኛው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ትናንት ነበር «እጅህ ይባረክ» ብሎት የወጣው። አሁን ያንኑ እጅ ወደ ኋላ እያጣመመው ነው።

ሹፌሩን መሃል አስፋልት ላይ አንበረከኩት። እግር ከየአቅጣጫው መጣ። ጎኑን ሲመቱት ድምፁ የሰው አይመስልም ነበር። ከመቺዎቹ ግማሾቹ ያለቅሳሉ። «እናታችን!» ይላል አንዱና ይረግጣል። «ጥላችን!» ይላል ሌላውና ይረግጣል።

«እኔ ነኝ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «የላጨሁት እኔ ነኝ! እሱ ተወኝ ብሎኛል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ! ዛሬ ልጁን ሊያይ ነው፣ አራስ ልጅ አለችው! ስለ ፈጣሪ!»

«ተራህ ይደርሳል» አለው ዳቦ ጋጋሪው በጆሮው።

«ላምባ አምጡ!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው። ድምፁ ውስጥ እንባ አለ። «የንግሥታችንን ሐዘን ያረከሰ መሬትም አይቀበለው! ላምባ!»

አንዲት ሴት ከኩሽናዋ ጀሪካን ይዛ ብቅ አለች። ከቤት እስከ አስፋልቱ ስትመጣ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ጸጉር አስተካካዩ ወንድሙን አየው። ሹፌሩ ጭንቅላቱን ማቅናት አቅቶት አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ያ የለሰለሰ ጉንጭ ተልጧል።

ጸጉር አስተካካዩ አፉን ከፈተ።

«አንተ ልብስ ሰፊ! ባለፈው ሳምንት ወንበሬ ላይ ሆነህ ምን ነበር ያልከው?»

ልብስ ሰፊው ደርቆ ቀረ። ማስመሪያው አየር ላይ ነው።

«"ይቺ አሮጊት የምትሞት ቀን ሱፍ ለብሼ እጨፍራለሁ" አላልክም? "ሬሳዋን የሚሸፍን ጨርቅ ስፋ ቢሉኝ ከውስጡ መርፌ እተውላታለሁ" አላልክም? አላልክም ወይ?»

ጀሪካን የያዘችው ሴት ባለችበት ቆመች።

«ውሸት ነው!» አለ ልብስ ሰፊው። ዙሪያውን አየ። «ወንድሙን ለማዳን ነው፣ አይታያችሁም? የፈጠረው ነው!»

ወንድሙን ለማዳን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ውሸት እንዳልሆነም ሁሉም ያውቃል። ሌላም ነገር ያውቃሉ፤ ያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ወንድ በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ቃል አስታወሰ። ጸጉር አስተካካዩ ፊታቸውን አየ፤ በሁሉም ላይ ያለው አንድ ዓይነት ፍርሃት ነበር። ይህ አፍ አንድ ጊዜ ተከፍቷል። ቀጥሎ ማንን ይጠራል?

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው የጸጉር አስተካካዩን ክንድ እየለቀቀ። «ተራ ስጠብቅ ነበር። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።» ያን ቀን ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ እንደነበር አልተናገረም።

«እኔም!» አለ ሌላኛውን ክንድ የያዘው ሰው ቶሎ ለቆት።

«እኔም! ሁልጊዜ ነው እንዲህ የሚለው!»

ሹፌሩን የረሱት ወዲያው ነው። ማስመሪያውን ከልብስ ሰፊው እጅ የነጠቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የመጀመሪያው ምት ግን በዚያው በራሱ ብረት ነው ያረፈው፣ ጆሮው ላይ። ግንባሩ ላይ ያሰረው ጥቁር ጨርቅ ወደ አንገቱ ወረደ፤ አንዱ በሱ ይዞ ጎተተው። ሹፌሩን ሲመቱ ቢያንስ ይጮኹ ነበር። ይህን ሰው ዝም ብለው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እንደሚቸኩል ሠራተኛ ነው የመቱት። ጸጉር አስተካካዩ አፉን እንደገና ሳይከፍት ነገሩን መጨረስ ነበረባቸው።

«ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው ከእግሮቹ መሃል። የሚጠራው ጸጉር አስተካካዩን ነው። «ወንድሜ፣ ንገራቸው! ቀልድ ነበር በላቸው! ቀልድ ነበር!»

ቀልድም ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ቀልድና ምሬት ተለይተው አያውቁም። ጸጉር አስተካካዩ በጉልበቱ እየዳኸ ወንድሙ ዘንድ ደረሰ፣ የአንገቱን ቋጠሮ ፈታ፣ ጭንቅላቱን ክንዱ ላይ አስተኛ። የተጠየቀው ሁለት ቃል ነበር። ሁለቱን ቃላት ቢናገር ሰዎቹ ተመልሰው ወደዚህ እንደሚዞሩ ያውቃል። ምናልባትም አይዞሩም ነበር፤ ያን ግን መሞከር አልፈለገም።

ሹፌሩ ዓይኑን ከፈተ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቃል አልወጣ ብሎት ነበር። «ጋሼ» አለ። «አስቁማቸው።»

«ዝም በል።»

«ይገድሉታል እኮ። አስቁማቸው።»

ጸጉር አስተካካዩ መዳፉን የወንድሙ አፍ ላይ አደረገ። ጫን ብሎ ያዘው። ደሙ በጣቶቹ መሃል ሞቀው። እዚያ ማዶ «ወንድሜ» የሚለው ጥሪ አንዴ ተሰማ፣ ከዚያ ግማሹ ብቻ ተሰማ፣ ከዚያ የጫማ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሲጨርሱ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ አይታወቅም። «እናታችን፣ ለማን ጥለውን ሄዱ!» የሚል አንድ የተሰበረ ድምፅ ተነሳና ሁሉም ተቀበሉት። እውነተኛ ለቅሶ ነበር። እንባው ይወርዳል፣ ደረት ይመታል፣ ወንዶች እንደ ልጅ ይንሰቀሰቃሉ። ለአሮጊቷ ያለቀሰ በመካከላቸው ይኑር አይኑር እንጃ፤ በእጃቸው ያለውን ግን ለመጣል የደፈረ አልነበረም። እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ ዱላቸው ከአንዱ ጀርባ ጋር ይጋጫል።

የልብስ ሰፊው ሚስት ከቤቷ የወጣችው ያኔ ነው። ባሏ ያዘዛትን የሐዘን ልብስ ጫፍ ስትቀመቅም ነበርና ክር የተሰካበት መርፌ ደረቷ ላይ አለ። ሰዉ ዞር ዞር አለላት። ባሏን በጫማው ነው ያወቀችው። አልጮኸችም። ጎንበስ አለች፣ ሸሚዙን ወደ ታች ሳብ አድርጋ የተራቆተ ሆዱን ሸፈነች፣ ቀና አለችና ከፊት ወደ ፊት ትመለከት ጀመር። ያየችው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። ዞራ ዞራ ጸጉር አስተካካዩ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ምላጭ» አለችው። «እርስዎ እንደ ወንድሙ ነዎት። እርስዎ አይዋሹኝም። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ለቅሶው ቆመ። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ እሱ ዞሩ። ዳቦ ጋጋሪው ማስመሪያውን ይዟል፤ አንድ እርምጃ ቀረብ አለ። ጀሪካኑ አስፋልቱ ላይ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ሹፌሩ ከክንዱ ላይ ሆኖ የወንድሙን አገጭ ከታች እያየ ነው።

ሁሉንም ያውቃቸዋል። የእያንዳንዱን ራስ ቅል በጣቱ ያውቀዋል፤ ጠባሳው የት እንዳለ፣ ጸጉሩ በየት በኩል እንደሚዞር። የመታውን ካልመታው ለይቶ በየስሙ ሊጠራላት ይችል ነበር።

«አላየሁም» አለ። «ለግርማዊት ንግሥታችን እያለቀስኩ ነበር።»

ከሰዎቹ መሃል አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ። ሴትዮዋ ትንሽ ቆየች፣ ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏት። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ሹፌሩ ጭንቅላቱን ከወንድሙ ክንድ ላይ አነሳ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ አንገቱ አልታዘዝ ብሎት ነበር። አንስቶም አስፋልቱ ላይ አኖረው።